የላምፖ የመጨረሻ ሩጫ

ገሰሰ ወሎ ሰፈር አካባቢ የአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ግቢ ዘበኛ ነበር። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ሰውየው ወደ አገሩ ገባ፤ ቪላውም የመንግሥት ሆነ። ገሰሰና ሚስቱ የሺአረግ እዚያው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቀሩ። መሐንዲሱ ሲሄድ ውሻውን ትቶላቸው ነበር። ላምፖ ይባላል። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ እግረ ረጅም፣ ለሩጫ የተፈጠረ ውሻ ነው።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ ወንዶች ገርጂ ሜዳ ላይ ውሾች ያሽቀዳድሙ ነበር። ውሾቹን ከወዲያ ማዶ ሰው ይይዛቸዋል፤ ባለቤቶቹ ከወዲህ ሆነው በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ላምፖን የሚቀድም ጠፋ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው በር ሲከፍት የኖረው ገሰሰ፣ እሑድ ሲሆን «የላምፖ ጌታ» እየተባለ ሰው ሁሉ እጁን ይጨብጠው ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ውሻው አንድ የኋላ እግሩን ያነክስ ጀመር። መጀመሪያ ያየችው የሺአረግ ናት። ጎረቤታቸውን የእንስሳት ሐኪሙን ኃይለሚካኤልን ጠርታ አሳየችው። ሐኪሙ እግሩን ዳበሰና፣ «አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ክረምቱ እስኪወጣ እንዳይሮጥ» አለ።

ገሰሰ ጥቂት ሳምንት ታገሠ። አንድ እሑድ ግን ሥጋ ቤት ያለው አያሌው አዲስ ውሻ ይዞ በበሩ ሲያልፍ፣ «ምነው፣ ላምፖ ፈራ እንዴ?» ብሎት ሳቀ።

ገሰሰ ገብቶ የውሻውን ማሰሪያ አነሳ።

«ወዴት ልትወስደው ነው?» አለች የሺአረግ።

«አንዴ ብቻ ይሩጥ። ከዚያ ያርፋል።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

«ዛሬ እኮ አላነከሰም።»

«አንተን ሲያይ ነው የማያነክሰው» አለችው።

ይዞት ወጣ።

ሜዳው ላይ ገሰሰ ከዳር ቆሞ ስሙን ጠራ። ላምፖ እንደ ወትሮው ተፈትልኮ ወጣ፤ እስከ መሃል ድረስም ይመራ ነበር። ከዚያ እግሩ ተሰበረና ተንከባለለ። የአያሌው ውሻ አልፎት ሄደ፤ ሰዉም እየጮኸ ወደ አሸናፊው ሮጠ። ገሰሰ ደንግጦ እንደገና «ላምፖ!» አለ። ውሻው ተነሣ። የተሰበረውን እግር እየጎተተ፣ እየወደቀ እየተነሣ ወደ ድምፁ መጣ። ጫማው አጠገብ ደርሶ ተኛና ጅራቱን ወዘወዘ።

ገሰሰ በጋቢው ጠቅልሎ ቤት ድረስ ተሸከመው። ኃይለሚካኤል አልተቆጣውም፤ እግሩን በእንጨት ደግፎ አሰረና፣ «ይተርፋል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም» ብሎ ሄደ።

አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። ብርድ ሲሆን ላምፖ ከተኛበት መነሣት ያቅተዋል፤ ገሰሰ ደግፎ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል።

በዓመቱ አያሌው መጥቶ፣ «ቡችላ ልስጥህና እንደገና ጀምር» አለው።

«አይ፣ ይቅርብኝ። ይልቅ ያንተን አሳርፈው።»

«የእኔ ጤነኛ ነው።»

«የእኔም ጤነኛ ይመስለኝ ነበር።»

አያሌው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሜዳው ሄደ።

የሺአረግ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታለች። በዚያ ዓመት ሁሉ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» ብላው አታውቅም። ብትለው ይቀለው ነበር።

«ምነው ያን ቀን ማሰሪያውን በነጠቅሽኝ» አላት።

«ብነጥቅህ ትተው ነበር?»

ገሰሰ አሰበ።

«አልተውም ነበር» አለ።