የደከመችው ፈዋሽ

ሠዓሊዋ ለኮምፒውተር ጌም ገጸ ባሕርያት መሣል ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ዘንዶ ሥላለች፣ ባለ ሦስት ዓይን ንጉሥ ሥላለች፣ ከዛፍ ግንድ የተወለደ ቀስተኛ ሥላለች። ከእነዚህ ሁሉ ግን ወሬዋ ሲነሳ ፊቷን የምታዞረው ከአንዲት ፈዋሽ ብቻ ነው።

የምትሠራው ከአንድ የሶፋ መጠገኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ስቱዲዮ ነው። ሠራተኛው በጠቅላላ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ከታች የመዶሻ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ያወጡት ጌም ተጫዋቾች በአስማት ዓለም ውስጥ ተቧድነው ከጭራቅ ጋር የሚፋለሙበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ገበያው ደራ፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ተጫዋቹ ማጉረምረም ጀመረ። «የምንለውን ጆሮ ዳባ ልበስ ትላላችሁ» የሚል መልእክት በየቀኑ ይጎርፍ ገባ። አለቃዋ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሰበሰበና «የሚቀጥለውን ገጸ ባሕርይ ከተጫዋቾቹ ጋር ነው የምንሠራው። ፈዋሽ ትሁን። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አላት።

ሠዓሊዋ ደስ አላላትም። «ስምንት ዓመት ስሥል ኖሬ አሁን ማንም መጥቶ ሊያርመኝ ነው» ብላ በሆዷ አጉረመረመች። ሥራ ነውና ማስታወቂያ አወጣች፤ ከጻፉት መካከል ስድስት ሰው መረጠች፤ ለስድስት ቅዳሜ ስቱዲዮ እንዲመጡ ቀጠረቻቸው።

ከስድስቱ አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ስድሳን አልፈዋል፤ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ያስሩታል፤ ማስታወሻ ደብተር ከእጃቸው አይጠፋም። ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ቤት ሲውሉ የእህታቸው ልጅ «እንዳይሰለችሽ» ብሎ ጌሙን ጫነላቸው። እሳቸውም በጌሙ ውስጥ ለራሳቸው ያወጡት ስም «ጉልበቴ» ነበር። «ጉልበቴ ድረሽልን!» እያለ በየጦር ሜዳው የሚጮኸው ሕዝብ ስለ ታመመ እግር እንደሚያወራ አያውቅም ነበር። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም እትዬ ይሏቸው ጀመር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሎቹ የሚፈልጉትን ዘረዘሩ። ክንፍ ይኑራት አለ አንዱ። ጨረር ትርጭ አለች ሌላይቱ። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ሰውዬ ደግሞ «ፍጥነት ነው ዋናው። ፈዋሽ ዘገየች ማለት ሞትኩ ማለት ነው» አለ። እትዬ ደብተራቸውን ዘግተው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈዋሿን የመጀመሪያ ሥዕል ሲያዩ ቆዩ።

«ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትቀመጠው?» አሉ በመጨረሻ።

«እትዬ፣ እሷ እኮ አስማተኛ ናት፤ አትደክምም» አለች ሠዓሊዋ።

«ሠላሳ አራት ዓመት በሽተኛ ሳነሳ ሳስተኛ ኖሬያለሁ። የማትደክም ፈዋሽ አላየሁም። ሰው ባዳነች ቁጥር እርምጃዋ ይጠር፣ ትከሻዋ ይውደቅ። ከዚያ ትቀመጥ። ተቀምጣ ሳለች የዳኑት ይጠብቋት።»

ሹፌሩ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ሠዓሊዋ ግን እርሳሷን አንስታ ነበር። የሚወድቅ ትከሻ፣ ጉልበት ላይ ያረፈ እጅ፣ ጫማውን ያላላ እግር እየሣለች የምሳ ሰዓት አለፈባት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፕሮግራመሩ የሙከራ ቅጂ አዘጋጀ። ሹፌሩ ሊሞክር ተቀመጠ። ፈዋሿ እሱንና ሦስት ጓደኞቹን ካዳነች በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ መጀመሪያ «ይኸው፣ አላልኳችሁም!» ብሎ አጉረመረመ። ጭራቆቹ ሲመጡ ግን ጋሻውን ይዞ ፊቷ ተገተረ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ከአጠገቧ አልተነቃነቀም። እሷ ስትነሳ የመዳፉን ላብ ሱሪው ላይ ጠረገና «ይሄ… ጥሩ ነው» አለ።

የዚያን ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እትዬ ወደ ኋላ ቀሩ። ደረጃው ላይ ጉልበታቸውን እያሳረፉ ሲወርዱ ሠዓሊዋ ክንዳቸውን ይዛ ነበር።

«አንዲት ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር» አሏት። «አዲስ ገቢ። አንድ ቀን ከሰዓት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ተነሺ፣ በሽተኛ እየጠበቀሽ ነው አልኳት። ተነሳች። በሳምንቱ ሥራዋን ለቀቀች። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ እንደዋለች በኋላ ነው የሰማሁት። ይቅርታ ልላት እፈልጋለሁ፤ የት እንዳለች ግን አላውቅም።»

ነገሩ የሠዓሊዋን አንጀት በላው። «እትዬ፣ የፈዋሿን መቀመጥ ማንም አይነካውም። ቃሌ ነው» አለቻቸው። ማንም ቃል ግቢ አላላትም ነበር።

ስድስቱ ቅዳሜ አለቀ። ከዚያ ሙከራው ለሦስት ሺህ ተጫዋች ተከፈተ፤ ውጤቱም ሳይውል ሳያድር መጣ። ፈዋሿ ስትቀመጥ ብዙ ሰው ጌሙን ዘግቶ ይወጣል። አለቃዋ የውጤቱን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሰው ጌሙን የሚከፍተው ሊዝናና ነው እንጂ ሊያስታምም አይደለም።»

«ለእትዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«እኛ ነን የቀየርነው እንዳይባል እንጠንቀቅ። ተጫዋቹ ራሱ ይወስን፤ ለሁሉም የድምፅ መስጫ እንክፈት። ጥያቄውን አንቺ ጻፊው። ብቻ…» ትንሽ አሰበ። «መልሱ ምን መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ።»

ሠዓሊዋ እምቢ ማለት ትችል ነበር። አለቃዋ ቁጡ አልነበረም፤ ቢበዛ አንድ ሳምንት ቢያኮርፋት ነው። ስድስቱን ጠርታ ማማከርም ትችል ነበር፤ ስልካቸው እጇ ላይ ነው። እሷ ግን ደክሟት ነበር፤ አዲሱ የጌሙ ቅጂ የሚወጣበት ቀንም ደርሶ ነበር። ቁጭ አለችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፈዋሿ ወዲያው ደርሳ ታድናችሁ? ወይስ እናንተ እየሞታችሁ እሷ ትቀመጥ?»

ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ወዲያው ታድነን አለ።

በሚቀጥሉት ቀናት እትዬ ሁለት ጊዜ ደወሉ። ሠዓሊዋ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየች አላነሳችውም። ነገ እደውላለሁ እያለች ቀኑ እንደ ዘበት አለፈ።

አዲሱ ቅጂ የሚወጣ ቀን ስቱዲዮው ወንበር ተደርድሮበት፣ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎበት ነበር። እትዬ ከሹፌሩ ጋር መጡ። ለግብዣ የሚለበስ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው። ስክሪኑ ላይ ፈዋሿ ከወዲያ ወዲህ ትሮጣለች፤ ትነካለች፣ ታድናለች፣ ትሮጣለች። ሰው ያጨበጭባል። መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ሲያልፍ የእትዬም ስም አለፈ። ሹፌሩ ወደ እትዬ ዞረ፤ ከዚያ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ሠዓሊዋ ከስክሪኑ ጀርባ ገብታ የተወሳሰበ የኤሌክትሪክ ገመድ ትፈታ ጀመር።

እትዬ ያለችበት ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ቆንጆ ሆናለች።»

«እትዬ! መጡ እንዴ!» ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር።

«ሁለቴ ደውዬልሽ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ተውኩት።»

«አዎ፣ ትንሽ ተወጥረን ነበር።»

«ድምፅ ስጡ ሲባል እኔም ሰጥቻለሁ እኮ። ጥያቄውን ሳነበው፣ ይገርምሻል፣ እኔው ራሴ ወዲያው ታድነን ልል ምንም አልቀረኝ።» ፈገግ አሉ። «ማነው እንዲያ አድርጎ የጻፈው?»

እትዬ የጠየቁት ቀስ ብለው፣ በእናት ድምፅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ሠዓሊዋ ግን ወደ ገመዱ ጎንበስ አለች።

«የማስታወቂያ ክፍሎቹ ናቸው» አለች።

ዘጠኝ ሰው ባለበት ስቱዲዮ የማስታወቂያ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እትዬ ስድስት ቅዳሜ ተመላልሰው ሁሉንም በየስሙ ያውቁታል። «እሺ» ብለው ሄዱ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ሹፌሩ ለስቱዲዮው መልእክት ላከ፦ «ጉልበቴ የውሃ ሽታ ሆኑብን። ደህና ናቸው?» ሠዓሊዋ መልእክቱን አንብባ ሥራ መሥራት አቃታት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ አድራሻቸውን ፈልጋ ሄደች።

እትዬ በሩን ሲከፍቱ የደም ግፊት መለኪያ በእጃቸው ይዘው ነበር፤ አንዲት ጎረቤት እጅጌዋን ሰብስባ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ሠዓሊዋን አይተው አልደነገጡም፣ አልተቆጡም።

«ደህና ዋሉ? ይግቡ» አሏት።

ሠዓሊዋ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተናገሩ መሰላት። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ «አንቺ ልጅ»፣ «ልጄ»፣ «ነይ እስቲ» ሲሏት የነበሩ ሴትዮ ናቸው። ጎረቤቲቱ እስክትወጣ ጠበቀች።

«እትዬ፣ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«እባክዎ አንቺ ይበሉኝ።»

እትዬ የመለኪያውን ጨርቅ በጥንቃቄ እየጠቀለሉ ቆዩ።

«ተቀይሜ አይደለም። ለመቀየም ዕድሜዬም አይፈቅድልኝም። ድምፁ ባይቀናን፣ ሰው አልወደደውም ብለው ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር። የደወልኩትም ያንን ሰምቼ ላጽናናዎት ነበር። አሁን ግን አንቺ ማለቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ምን ላድርግ።»

«እመልሰዋለሁ። የፈለገ ሰው መቀመጧን እንዲመርጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ።»

«ይመልሱት፤ ለሹፌሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጌሙን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ስሜን ከዚያ ዝርዝር ያውጡልኝ።»

በሩ ድረስ ሸኟት። ደረጃውን ስትወርድ «ቀስ ብለው፤ ሦስተኛው ደረጃ ተሰብሯል» አሏት።

ሠዓሊዋ ሰኞ ዕለት ስሙን በራሷ እጅ አወጣች። መቀመጡንም ከፕሮግራመሩ ጋር ሦስት ሳምንት ሠርታ በምርጫ መለሰችው፤ አለቃዋም አልተቃወመም። የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው፤ ሹፌሩ ከነዚያ አንዱ ነው። ስቱዲዮው ዛሬም ተጫዋቾችን እየጠራ ያማክራል። ጥያቄ የሚጽፈው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እሷ አልጽፍም ብላለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት እጄ አይጣፍጥም ብላ ትስቃለች። ለእትዬ በየጊዜው ትደውላለች። ስልኩን ያነሳሉ፣ ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ «ስለደወሉ አመሰግናለሁ» ይሏታል።