ለእትዬ ቤዝ የሚሆን ስፒከር

ልጇ የድሮ ባንዳቸውን ካሴት ወደ ኮምፒውተር የገለበጠላት ዕለት፣ እትዬ ቤዝ ደስ ሊላት ሲገባ ደሟ ፈላ። ስሙን ያወጡላት የባንዱ ልጆች ናቸው፤ ቤዝ ጊታር ስትጫወት አንድም ቀን ስታ ስለማታውቅ። ታዲያ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ፣ ከኮምፒውተሩ ግራና ቀኝ በተቀመጡት መዳፍ የሚያህሉ ስፒከሮች ዘፈኑን ሲሰማ፣ የባሏ ድምፅ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ከበሮውም ቆርቆሮ ቆርቆሮ እያለ አለ። እሷ ግን ድራሿ የለም።

«እማዬ፣ አንቺ ለፎቶ ነበር እንዴ የቆምሽው?» አለ ልጇ እየሳቀ።

«እሷማ የባንዱ ውበት ነበረች» ብሎ ዘፋኙ ባሏ ጨመረበት። ይባስ ብሎ እሱም ሳቀ።

እንግዲህ ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ያቺ መዳፍ የምታህል ስፒከር ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅም የላትም፤ የሌላትን ከየት ታምጣ? እትዬ ቤዝ ይህን ልታስረዳቸው ሞከረች። «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብለው አለፏት። ያ «እሺ» ከሳቁ የባሰ አንገበገባት። ስንት ዓመት ሙሉ ጣቷ እስኪላጥ የተጫወተችውን፣ የገዛ ልጇ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማው ሊቀር ነው። በማግስቱ «ተነስ፣ መኪናህን አስነሳ» አለችው።

የዕቃ መሸጫው ወለል ምንጣፍ ነው፤ ግድግዳው ዙሪያውን ስፒከር ተደርድሮበታል። ሻጩ ገና ሲያያቸው ለልጇ ማብራራት ጀመረ።

«ልጄ፣ የምሰማው እኔ ነኝ። ወደዚህ ዞር በል» አለችው ሻጩን።

ዞረ። ዘፈኑ የተገለበጠበትን ፍላሽ ሰጠችውና ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተላት። በመጀመሪያ ያሰማት ቀጠን ያሉ፣ ነጭ፣ ለዓይን የሚያምሩትን ነው። የባሏ ድምፅ እዚያው ሱቅ ውስጥ የቆመ ያህል ጠራ።

«በቃ ይሄ ነው፤ አባዬ ቁልጭ ብሎ ይሰማል» አለ ልጇ።

«እኔስ?»

«አንቺም... ትንሽ ትንሽ አለሽ።»

«ትንሽ ትንሽ አልገዛም።»

ቀጥሎ ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ የቤዝ ሣጥን ያለው መጣ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ልጇ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ እምም ይላል እንጂ የቱን ኖታ እንደመታሁ አይናገርም። ጎረቤት ግድግዳ ሲያፈርስ ነው የሚመስለው። አጥፋው።»

ጥግ ላይ ወገብ የሚደርሱ፣ ጎናቸው እንጨት የሆነ፣ የአበባ ማስቀመጫ የተደረጉ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል።

«እነዚያስ?»

«እነሱ የድሮ ናቸው እናቴ። ለኮምፒውተር ጠረጴዛ አይሆንዎትም።»

«ጠረጴዛዬን እኔ አውቅበታለሁ። አበባውን አንሳና አገናኝልኝ።»

በአንዲት ትንሽዬ አምፕሊፋየር አገናኘላት። ቤዙ መጣ፤ ግን ይንዘላዘላል፤ አንዱ ኖታ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። «አምፕሊፋየሩ አቅም አንሶት ነው» አለች፤ «ስፒከሩን ጨብጦ መያዝ አልቻለም። ጠንከር ያለ አምጣ።» ሻጩ ቁና ቁና እየተነፈሰ በሁለት እጁ አንድ ከባድ አምፕሊፋየር ተሸክሞ መጣ፤ ከኮምፒውተሩ በገመድ አያያዘና ዘፈኑን እንደገና ከፈተ።

መጣች። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው፣ ጣቷ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር። እትዬ ቤዝ ዕንባዋ ግጥም አለ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት። ልጇ ፈገግታው ጠፍቶ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ።

«ይሄ ሁሉ ነበረ እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ነበረ።»

ቤት ሲደርሱ ዘፋኙ «ምን የሚያህል ቁም ሣጥን ነው ያመጣችሁት?» እያለ አጉረመረመ፤ ወንበሩም ከለመደበት ቦታ ስለተነሳበት አኮረፈ። ማንም አልሰማውም። እትዬ ቤዝ ዘፈኑን ከፈተች።

መሃል ላይ ዘፋኙ ድንገት ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ስሜት ጉሮሮውን አንቆት እንደሆነ ሲያወራ ኖሯል፤ አድናቂዎቹም ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱለት ያንን ዝምታ ነው። አሁን ግን ዝም ያለ ነገር የለም። ቤዙ ዞሮ ዞሮ ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ ይደርሳል፤ ዘፋኙ የለም። እንደገና ይዞራል፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ የስንኙን መነሻ ኖታ ረገጥ አድርጎ መታ፤ ያኔ ዘፋኙ ገባ።

«አባዬ፣ ግጥሙ ጠፍቶህ ነበር እንዴ?» አለ ልጁ።

ዘፋኙ ተነሳና እጁን ወደ አምፕሊፋየሩ ዘረጋ። «ቤዙ በዝቷል። ቀንሺው።»

እትዬ ቤዝ መዳፏን የድምፅ መቆጣጠሪያው መዘውር ላይ አሳረፈች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተቀንሼ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልቀነስም።»

«ጎረቤት ይሰማል እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይስማ» አለችው። ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው መለሰችና ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።