ሁለት ነጥብ

ወሬውን የሰማሁት የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ የሄድኩ ቀን ነው፤ ከተባለው ግማሹ ከልቤ ጠፍቷል። መኪና መሸጫው ውስጥ ተቀምጬ የብድሩን ፊርማ ስጠብቅ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

«ስንት ነጥብ ጣልክበት?»

«ሁለት።»

«ዝም አለ?»

«ጭራሽ አመሰገነኝ።»

የቅርጫት ኳስ ወሬ መሰለኝ። ማን አሸነፈ ብዬ ልጠይቃቸው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ፣ ገብቶኝ ከሆነ፣ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ እዚሁ አሜሪካ ዴይተን ከተማ፣ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ዶሮ ጥብስና የበቆሎ ዳቦ እየበላን ጎረቤታችን ቨርጂል ቡከር ወረቀት እያርገበገበ ገባ። ቨርጂል ነጭ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው እንደ ቲማቲም የሚቀላ ነጭ። ጸሎቱ ላይ አይመጣም፤ ከዶሮው ግን ቀርቶ አያውቅም።

«ወንድም አልቪን፣ እስቲ አንተ አንብበው። መንግሥት ጥቁር ነህ አለኝ!»

አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ባንኩ ለመኪና ብድር ወለድ ይቆርጣል፤ ሻጩ በላዩ ነጥብ፣ ማለትም ከመቶ አንድ ሁለት፣ ይጨምርና ትርፉን ይካፈላሉ። መጨመሩን ሕግ አልከለከለም። መንግሥት የሚለው ጥቁሮች ላይ የበለጠ ተጨምሯልና ባንኩ ይመልስ ነው። ጥቁር ነኝ ብሎ ለፈረመ ተበዳሪ ገንዘቡ ይላክለታል።

«ማን ጥቁር እንደሆነ በምን አወቁ?» አለች እህት ኦዴሳ ክራውስ፣ ሳህኗን አስቀምጣ።

«አላወቁም። ብድር ላይ ዘር መጻፍ ክልክል ነው። በስምና በሰፈር ገምተን ነው ይላሉ» አልኳት።

«ቡከር! የጥቁር ስም፣ ያውም እኛ ሰፈር!» ብላ ኦዴሳ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

እሷም ቨርጂል ከገዛበት መሸጫ በዚያው ወር ነው መኪናዋን የገዛችው። ክራውስ የሟች ባሏ ስም ነው፣ የጀርመኖች ስም፤ ያኔ የሚኖሩትም ነጮች ሰፈር ነበር። ደብዳቤ አልደረሳትም። አሁን የመኪናዋ ክፍያ ተጓትቶባታል፤ ወር ሳያልቅ ካልከፈለች ጎትተው ይወስዱባታል። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ደግሞ አውቶቡስ አይደርስም።

«እኔስ?» አለ ቨርጂል። «ይኸው፣ ባንኩ ወለዱን አምስት በመቶ ብሎ ሻጩ ሰባት አድርጎታል። ጥቁር ስላልሆንኩ አልተበላሁም?»

«ተበልተሃል። ግን በሌላ ምክንያት» አልኩት።

«በየትኛው?»

«ፊትህ ሲታይ የሚበላ ስለሚመስል ይሆናል» አለች ኦዴሳ።

ለኦዴሳ ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ስልክ አሳየኋት፤ ከዝርዝሩ ተዘልያለሁ የሚል ይደውል ይላል።

«ደውዬ ምን ልበል? ለማያየኝ ሰው ጥቁር ነኝ ብዬ ልማል? ዕድሜ ልኬን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሲበሉኝ አይተውኝ፣ ሲመልሱ ጊዜ አላየንሽም ይሉኛል? ደግሞስ ሻጩ ሰውዬ ‹ስለ አንቺ ከባንኩ ጋር ተጣላሁ› ብሎኛል። እሱ ነው የበላኝ?»

ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁትን ነገርኳት። «ጭራሽ አመሰገነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ የስኳር ድንች ኬክ ጋግሬ ወስጄለታለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ቨርጂል ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ጥቁር ነኝ ብዬ በውሸት አልፈርምም፤ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትገርፈኛለች። አንቺ ስትደውዪ ግን አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ካላመኑሽ ስልኩን ስጪኝ፤ ተሳስታችኋል፣ ጥቁሯ እሷ ናት እላቸዋለሁ።»

«የኔ ምስክር አንተ?»

«ሌላ ማን ጥቁር ነህ የሚል ደብዳቤ ደረሰው?»

ኦዴሳ ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ የቨርጂልን ቀይ ፊት አየች። በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ልትደውል ተስማማች፤ ስልኩን እኔ ልይዝ፣ ቨርጂል ደግሞ እስኪጠየቅ አፉን ላይከፍት።