ሰምተናል እስኪሉ

"ሄደ?" አሉ ጋሽ አለሙ ለአራተኛ ጊዜ። ከወንበሩ ጀርባ ቆመው ወደ ኮምፒውተሩ ከማጎንበሳቸው የተነሳ ትንፋሻቸው የዓወት ማጅራት ላይ ያርፋል።

"አልሄደም ጋሼ።"

"አሁን እኮ ተጫንከው!"

"ተጫንኩት። ግን ኔትወርክ የለም። ሲመጣ ነው የሚሄደው።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

ይህን ዓወትም አያውቅም። ከንጋት ጀምሮ ቆቦ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ምክንያቱን የሚናገርም የለም። ስክሪኑ ላይ የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው አባላት፣ የመቶ ሠላሳ ስምንት ቤት ስም ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ "እየጠበቀ ነው" ይላል። ከላይ ያለው መልእክት አጭር ነው፤ "ታሂር ይመር አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ።"

ጋሽ አለሙ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቀብር የሚያዙትም፣ የቀረውን የሚቀጡትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን የሚያዙትን ያጡ ሽማግሌ ሆነው በጠባቧ ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል" አሉ። "ሰዉ ማሽላ ጥበቃ ወርዷል፤ ገሚሱ ማማ ላይ ወፍ ሲያባርር ነው የሚውለው። እስላም ደግሞ ሬሳ አያሳድርም። ስድስት ተኩል ላይ አያ ታሂርን ይዘን ልንወጣ ነው። በስንት ሰው? እንደ መህዲ እናት ቀብር ባስራ አንድ ሰው?"

"ሰው ልከው በየቤቱ አያስጠሩም?"

"ማንን ልላክ? የሁሉን ደጅ የሚያውቅ ራሱ አያ ታሂር ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ በዚህ ነገር ተካነው" አሉና ኮምፒውተሩን በአገጫቸው አመለከቱት።

እውነት ነው፤ የተኳቸው ዓወት በሠራው ነገር ነው።

ዓወት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ሶፍትዌር ይሠራል፤ የሚሠራው ግን እዚሁ ቆቦ፣ አባቱ ብርሃነ እህል ያከማችባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱን ብቻዋን ላለመተው ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሆነው። እህቱ ሳምራዊት አዳማ ባል አግብታ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እናቱ ትብለጽ በማለዳ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሱቋ ትሄዳለች፤ እሱ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ይቀመጣል። የሥራ ባልደረቦቹ ስክሪኑ ላይ ስማቸው የተጻፈባቸው ጥቁር አራት ማዕዘኖች ናቸው። እናቱ አመሻሽ ላይ ተመልሳ "እንዴት ዋልክ?" ስትለው ድምፁ ሻክሮ የሚወጣበት ቀን አለ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አንድ ቃል እንዳልተነጋገረ የሚያስታውሰው ያኔ ነው። ብቸኛ ነበር፤ ብቸኝነቱን ግን ሥራ እያለ ይጠራው ነበር።

ከቅሬው ጋር ያጣላው ይኸው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ለቅሶ ሲኖር የቅሬው ጠሪ አባባ ታሂር በየደጁ ቆመው ይጣራሉ፤ ከውስጥ አንድ ሰው "ሰምተናል" ብሎ ይመልስላቸዋል። ዓወት ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም አልሰማም፤ ትብለጽ ደግሞ ሱቋ ውስጥ ነበረች። ሦስት ቀብር የቀረ ቤት ከመዝገብ ይሰረዛል። የተሰረዘ ቤት ሬሳውን ራሱ ይሸከማል። ትብለጽ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

"እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው ወደይ? አንተና ኮምፒውተርህ?" አለችው፤ ልጄ የምትለው በትግርኛ ነው።

ያኔ መላ የመጣለት መሰለው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ፣ ሰው ሲሞት ለሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም በነጻ እሠራላችኋለሁ አለ። ቅሬው ደስ አለው፤ እሱንም ማረው። አባባ ታሂርንም "ሠላሳ ዓመት ደክመዋል፣ አሁን ይረፉ" ብሎ አዲስ ጋቢ አልብሶ አሰናበታቸው። ዓወት በዚያ ቀን ከሰው ሁሉ ጋር አጨብጭቧል።

በሳምንቱ በሩ ተንኳኳ። አባባ ታሂር ናቸው፤ ጋቢዋን ለብሰዋል።

"ሰው ሞቷል ወይ ብዬ ነው።"

"ማንም አልሞተም አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉና የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ይመጡ ጀመር። ሞት መጠየቁ ሰበብ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሳቸው የሚሄዱበት ደጅ ጠፍቷል፤ እሱ ደግሞ ወደ ደጁ የሚመጣ ሰው ኖሮት አያውቅም። ዓወት ሥራ ሲጨርስ ጊዜውን የሚያሳልፍበት አንድ ነገር ነበረው፤ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ እያየ የቆቦን ቤትና መንገድ፣ ማንም በነጻ በሚጠቀምበት የኢንተርኔት ካርታ ላይ ይሥላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥሏል። ከሣላቸው መንገዶች በእግሩ የረገጠው ግን ሩቡን አይሞላም። አባባ ታሂር ካርታውን ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ይኼ ቤት ነው ያልከው የአገዳ ክምር ነው።"

"ይኼስ መንገድ?"

"መንገድ አይደለም፣ የጎርፍ መውረጃ ነው። በክረምት ብትገባበት አፋር ነው የምትገኘው!"

ዓወትም ሳቀ። እሳቸው ሲጣሩ የሚሄዱበትን ዙር ከመጀመሪያው ደጅ እስከ መጨረሻው እየነገሩት፣ እሱ እያንዳንዱን ቤት በተራ ቁጥር ካርታው ላይ አሰፈረው። "ዙሩ ከናንተ ይጀምራል፤ አስፋልቱ ጥግ ስለሆናችሁ። ቀጥሎ ታንጉት ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ደጋግመህ ጥራ። ከሷ ወዲያ ያለው ውሻ ክፉ ነው፣ ከአጥሩ አትለፍ።" ለምን እንደሚጠቅመው አያውቅም ነበር። አጠገቡ ሰው ተቀምጦ መናገሩ ብቻ ደስ ይለው ነበር።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተሞከረው የመህዲ እናት የሞቱ ዕለት ነው። በመቶ ሠላሳ ስምንቱም ስም ትይዩ "ደርሷል" አለ። "ነፍስ ይማር"፣ "አላህ ይዘንላቸው" የሚል መልስ በስልክ ጎረፈ። ቀብሩ ላይ የተገኘው ግን አሥራ አንድ ሰው ነበር። ቃሬዛውን የሚቀባበል ጠፍቶ መህዲ ራሱ ከመስጊድ እስከ መቃብሩ ትከሻ ሳይቀይር ሄደ።

በማግስቱ አባባ ታሂር የተለመደው ቦታቸው ተቀምጠው ስክሪኑን አፍጥጠው አዩት።

"ይኼ ደርሷል የሚለው ምን ማለት ነው?"

"መልእክቱ ገብቷል ማለት ነው።"

"ሰምተዋል ማለት ነው?"

"አይ፣ ስልካቸው ላይ ገብቷል።"

"እኔ ሰምተናል ሳይሉኝ እግሬን አላነሳም ነበር። ሰው ሰምቻለሁ ብሎ በአፉ ከተናገረ ለመቅረት ያፍራል።" ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። "አንተ ደጅ ላይ ብቻ ነው የተሸነፍኩት። ሦስተኛው ጊዜ መልስ ሲጠፋ ራሴ ሰምተናል ብዬ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ያላደረግሁትን።"

"ለምን አባባ?"

"ወንበርህ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ልጁ አለ፤ ግን የለም፣ አልኩ።"

ወቀሳ አልነበረበትም። እንዲያው አዝነውለት ነበር የተናገሩት፤ ዓወትን የጎዳውም ይኸው ነው።

አሁን ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስክሪኑ ላይ ያሉት ቃላት በድንገት መለወጥ ጀመሩ። ደርሷል። ደርሷል። ደርሷል። ከላይ እስከ ታች እየተከታተለ ወረደ።

"መጣ እንዴ?" አሉ ጋሽ አለሙ።

"መጣ።"

"ለሁሉም?"

"ከጥቂቱ በቀር ለሁሉም ደርሷል።"

"እሰይ! ተመስገን! በል እኔ መቃብሩን የሚቆፍሩት ጋ ልሂድ" አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ከባድ ዕቃ ያወረዱ ይመስሉ ነበር።

ዓወት ብቻውን ቀረ። መልሶቹ መግባት ጀመሩ። "ነፍስ ይማር።" "ኢና ሊላህ።" የተገናኙ ሁለት መዳፎች ሥዕል። አሁንም ሁለት መዳፎች። "ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ያሳዝናል።" ዓወት አንድ "እመጣለሁ" የሚል ፈለገ። ሃያ ሦስተኛው መልስ ላይ ሲደርስ መፈለጉን ተወ። ከሰዓት በኋላ ጀዊሪያ፣ የአባባ ታሂር ልጅ፣ አባቷን የሚሸከም ሰው በዓይኗ ስትቆጥር ታየው። አባባ ታሂር የዚህን ሰፈር ሬሳ ሁሉ ሰው አሰባስበው ያስቀበሩ ናቸው፤ እሳቸው ባሥራ አንድ ሰው ከተቀበሩ ጥፋቱ የኔትወርክ አይሆንም። የእሱ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ቤዛ ናት፤ አዲስ አበባ ያለችው አለቃው።

"ዓወት፣ ደንበኞቹ ስብሰባው ውስጥ ገብተዋል፤ አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው። ለምንድነው ያልገባኸው?"

"ቤዛ፣ ዛሬ ማቅረብ አልችልም።"

"ምን ማለትህ ነው? ሦስት ወር የሠራኸው እኮ ነው! አንተ ካላሳየኸው ማን ያሳየዋል?"

"ሰው ሞቶብኛል። ፋይሉ ሁሉ እናንተ ጋ አለ፤ አንቺ አሳዪያቸው።"

የቤዛ ድምፅ ለስለስ አለ። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም። ዘመድ ነው?"

የሥጋ ዘመድ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም፤ በሃይማኖትም አይገናኙም። ዓወት አልጋውን አየ። ጫፉ ላይ አንሶላው አሁንም ተጨማዷል፤ አባባ ታሂር ከትናንት በስቲያ የተቀመጡበት ነው።

"ቤቴ የሚመጣ ሰው ነው" አላት።

ቤዛ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብላ ዘጋች። አቀራረቡ እንዴት እንደሚሆን፣ ነገ ምን እንደሚሉት አያውቅም፤ ለጊዜው አላስጨነቀውም። የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ካርታውን ስልኩ ላይ ከፈተና ወጣ።

ግቢው ውስጥ ትብለጽ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ለቅሶ ቤት ልትሄድ ስትነሳ አገኛት። ዛሬ ሱቋን አልከፈተችም።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ልጠራ ነው፣ አደይ።"

"ማንን?"

"ሰዉን። በአባባ ታሂር ዙር።"

አየችው። ይህ ልጅ ሕፃን ሆኖ እንኳ ጮክ ብሎ አልቅሶ አያውቅም፤ ዳቦ ቤት ተልኮ ስለሚያፍር ሳይናገር ተራው ያልፈው ነበር።

"ድምፅ አለህ?" አለችው።

"እንጃ።"

"በል እንግዲያው፣ እስኪ ከዚህ ጀምር" አለችና በሩን ከፍታ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችው። ከኋላው መልሳ ዘጋችው።

ዓወት በገዛ ደጁ ከውጭ በኩል ቆመ። የራሱ ክፍል መስኮት እዚያው ክንዱ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከዚህ ላይ ቆሞ ለሚጣራ ሰው የወንበር ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። አስፋልቱ ላይ ወደ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ እየጮኸ አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፍሮ ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም አያየውም።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አለ። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረበት። "የብርሃነ ቤት! ታሂር ይመር አርፈዋል! ቀብር ከዙህር በኋላ ነው! ኑ!"

ከውስጥ ወዲያው መልስ አልመጣም። እናቱ ማልቀስ እንደጀመረች ገባው። ቆየት ብሎ "ሰምተናል" የሚል ድምፅ ከበሩ ሥር መጣ። "ሰምተናል፣ ወደይ።"

ወደ ሁለተኛው ደጅ ተሻገረ። የታንጉት አጥር በቁልቋል ታጥሯል፤ ካርታው ላይ ቁጥር ሁለት ነው። እዚህ ላይ ሲጣራ ድምፁ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር።

"የታንጉት ቤት! አባባ ታሂር አርፈዋል! ቀብር ከዙህር በኋላ ነው!"

መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ፤ አሁንም ዝም። አንዲት ዶሮ አጥሩ ሥር ትጭራለች። ገና መቶ ሠላሳ ስድስት ደጅ ይቀረዋል፤ ፀሐይዋም እየጠነከረች ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረው፤ አውጥቶ አየው። አዲስ መልእክት ነው። ከላይ የተጻፈው የላኪው ስም ታንጉት ይላል፤ ስልኳን የሚይዝላት ሰው ይሆናል የላከው። ሁለት የተገናኙ መዳፎች ናቸው።

ዓወት ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና እግሮቹን አጽንቶ ቆመ።

"እማማ ታንጉት!" ብሎ ከበፊቱ አስበልጦ ጮኸ፤ ከውስጥ የሰው ድምፅ እስኪመጣም መጣራቱን ቀጠለ።