ቀይዋ ሽቦ

ስብከቱ ገና እኩሌታው ላይ ነበር። መነጽሬን ፍለጋ እጄን ኮቴ ቀኝ ኪስ ውስጥ ስሰድ ቀይዋ ሽቦ የለችም። ግራውንም ፈተሽኩ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰባኪው ምን እንዳሉ አላውቅም።

ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሊፍት በሩ ካልተዘጋ አይንቀሳቀስም፤ ስንጠግነው ግን በሩ ተከፍቶም እንዲሄድልን መቆጣጠሪያውን በአንዲት አጭር ሽቦ እናታልለዋለን። የኔዋ ቀይ ናት። ሥራ ስጨርስ ነቅዬ ቀኝ ኪሴ እከታታለሁ፤ እዚያ ካለች ሥራው አልቋል። ከሌለች እዚያው ተረስታለች፤ ሰው ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ሊፍቱ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ትናንት ሊፍቱን የጠገንኩበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ዓይናቸው የደከመ ጡረተኛ መምህርት አሉ። በከዘራ እየዳበሱ ነው የሚገቡት፤ እሑድ ረፋድ ላይ ደግሞ አይቀሩም፣ ይወጣሉ።

እግሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት አማቴ ጉልበቴን ጫን አድርገው ያዙት። አላረፈም።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሴትዮዋ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። ሊፍቱን አስቁሙ ብዬ ብደውል የሕንፃው ጥበቃ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፣ አለቃዬም ይሰማል። አምና አንዴ ረስቼ፣ «ሁለተኛ ብትደግማት ቁልፍህን ታስረክባለህ» ብሎኛል። የማሽን ክፍሉ ቁልፍ ከሄደ ሥራውም ሄደ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ባንተ ታምኛለሁ፤ አንተ ጠብቃቸው፤ ለኔም ሰላም ስጠኝ።» ስብከቱም ስለ መታመን ነበርና ቃሉን ተንተርሼ ልተኛበት ፈለግሁ። በልቤ የሚመላለሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሂድ።

«ምን ሆነሃል? እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አሉኝ አማቴ በሹክሹክታ።

«ትናንት ሊፍቱን በትክክል ሳልጨርስ መጥቻለሁ መሰለኝ። ሰው ይጎዳል።»

«እና እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እየጸለይኩ ነው፣ እማማ። እንዲጠብቃቸው። ልቤ ግን ሂድ፣ ሂድ ይለኛል።»

«እሱማ ይጠብቃል። አንተን ሂድ እያለህ ግን ቁጭ ብለህ እሱን ታዘዋለህ?»

ተነሣሁ። የስንቱን ጫማ ረግጬ እንደወጣሁ እንጃ። ደጅ ላይ ሆኜ ለጥበቃው ደወልኩ።

«ሊፍቱን አጥፋው! ማንም እንዳይገባ!»

«ኧረ ኢንጂነር፣ ትናንት አይደል እንዴ እንደ ሙሽራ ያሰማመርከው?»

«አጥፋው አልኩህ!»

ቀጥዬ ለአለቃዬ ደወልኩና የሆነውን ሳልሸፋፍን ነገርኩት። «እዚያው ጠብቀኝ» ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ ሮጥኩ።

ደረጃውን እያለከለክሁ ስወጣ አምስተኛው ፎቅ ላይ መምህርቷ ከዘራቸውን ይዘው የቆመውን ሊፍት መጥሪያ ደጋግመው ይጫናሉ። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ» ብዬ አልፌ ወጣሁ። የማሽን ክፍሉን ከፍቼ ሣጥኑን ገለጥኩ።

ሽቦዋ የለችም። ሁሉም ነገር በቦታው ነው።

አለቃዬ ከኋላዬ ደርሶ እሱም አየ። «ታዲያ የት ናት?»

«አላውቅም።»

«ሽቦው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ቁልፍ አይይዝም» አለና እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።

ቤት ስገባ አማቴ ወጥ ቤት ናቸው። አልዘጋ እያለ ሲያስመርራቸው የከረመው የቁምሳጥን በር ጥርቅም ብሏል፤ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ጠዋት ኮትህን ስቦርሽልህ ከኪስህ ወደቀች። ውዳቂ መስላኝ… ምነው?»

«እማማ! ቁልፌን ተቀማሁ እኮ! ምንም አልነበረም! በከንቱ ነው የሄድኩት!»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔም ፊት ለፊታቸው ዘጭ አልኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ነገ አለቃህ ዘንድ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ። ይስማኝ አይስማኝ የሱ ፈንታ ነው። ግን ልጄ፣ ሂድ ነው የተባልከው። ሽቦዋን እዚያ ታገኛታለህ ተብለሃል?»

ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጉልበቴን አዩ። እኔም አየሁት። እግሬ አርፏል።