የሽማግሌው ጋያ

ጋሽ ታፈሰ ለሦስተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ሲስተር ፀደንያ መጀመሪያ ያየችው ቀበቷቸውን ነው። በምስማር ተበስቷል፤ አንዱ ቀዳዳ አልበቃ ብሎ ሌላ ተጨምሮበታል። ሚዛን ላይ አቆመቻቸው። ከመስከረም ወዲህ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል።

አክታቸው ለቲቢ ሁለት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም። የሳል መድኃኒት እሷው ራሷ ሁለት ዙር ሰጥታቸዋለች፤ ሳሉ ግን ወይ ፍንክች። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ የሚያናውጠው ድምፃቸው አሁን ሹክሹክታ ሆኗል።

"ደም ይቀላቅላል?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ጋያ ያጨሳሉ?"

"ኧረ ልጄ! ጌታን ካገኘሁ ወዲህ አፌ ላይ አልደረሰም። ምስክርነቴን ሰምተሽ የለ?"

እንኳን እሷ፣ የሸዋ ቤንች ሰው በሙሉ ሰምቷል። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ታፈሰ ጋያቸውን፣ የትንባሆ ማጨሻ ቅሉን፣ በምእመኑ ፊት እንዴት እንደሰባበሩ በየዓመቱ ይመሰክራሉ። አባቷን ዓባይነህን "ጋያ አልተወም" ብለው ከጌታ እራት ያሳገዱትም እሳቸው ናቸው። አባቷ ከዚያ ወዲያ ጸሎት ቤት ሳይረግጥ ሞተ።

ደረታቸውን ልታዳምጥ ጎንበስ ስትል ኮታቸው ጋያ ጋያ ሸተታት። በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያደገችው፤ አትስተውም። ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ዓመት የቋጠረችው ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። የታመመ ሰው እንዲሁ አይለቀቅም።

"ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄደው የደረት ራጅ ይነሳሉ" አለች። "የሳንባ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እዚህ ተቀምጠን አናውቀውም።"

"የበፊቱን መድኃኒት ስጪኝና ልሂድ።"

"አልሰጥም።"

ሽማግሌው በሩን አዩ። "የጸሎት ቤቱ ሰዎች ሚዛን ብቻዬን አይሰዱኝም። ሁለት ሽማግሌ ያስከትሉኛል። ሐኪሙ በእነሱ ፊት ቢጠይቀኝስ?"

አሁን ገባት። ሰውየው ከበሽታው ይልቅ ጥያቄውን ነው የፈሩት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ጋሽ ታፈሰ። እኔ እወስድዎታለሁ። ሌላ ሰው አይከተለንም።" የሪፈር ወረቀቱን ሳበች። "ስንት ዓመት አጨሱ ልበል?"

ሳሉ መጣ፤ በመሐረብ አፍነው አሳለፉት።

"አርባ ሁለት" አሉ።

"አባቴ በታገደበት ዓመትም?"

"ጠዋት እሱን አገድን። ማታ የቡና ማሳዬ ውስጥ ተደብቄ አጨስኩ።"

እስክሪብቶዋ ቆመ። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። ከዚያ አርባ ሁለት ብላ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ተጭና ጻፈች። ክብደታቸውን፣ ደሙን፣ የድምፃቸውንም ነገር አንድ ሳታስቀር አሰፈረች።

"ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ። ቢቀሩ ቤትዎ እመጣለሁ።"

"እሁድ በጉባኤው ፊት ንስሐ እገባለሁ፣ ልጄ።"

"መጀመሪያ ራጁ" አለች ወረቀቱን እያጠፈች። "ታክመው ድምፅዎ ሲመለስ፣ የአባቴን ስም ጠርተው ይናገሩታል። እስከ ኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርገው።"