ከአንገት ወደ ታች

«ያለ ሙያ ወረቀት የሚያስተምሩትን ሁሉ ቤት እያሸጉባቸው ነው አሉ።»

ተረፈች ይህን ሳትል ያለፈ ቅዳሜ የለም። ማን እንዳለ ስትጠየቅ «አሉ ነዋ!» ነው መልሷ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ባለችው አንድ ክፍል ኪራይ ቤቴ ስድስት ሴቶች ሹራብ መሥራት ይማራሉ፤ እሷም አንዷ ናት። ሁለት ዓመት ተምራ እጅጌ ማጥበብ አልቻለችም። ወሬ ማስፋት ግን ማንም አላስተማራትም።

እኔንም ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቡራዩ ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ገዝቼ ተረተርኩት። እያንዳንዱን ዙር ስፈታ ክሩ በየት እንደገባ፣ በየት እንደወጣ አየሁ። ከብስክሌት ጎማ የወጡ ሁለት ሽቦዎች ሞርጄ ያየሁትን መልሼ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ እንኳ እጄ ባዶውን ተቀምጦ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። ሹራብ ሲተረተር ከአንገቱ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ሲሠራም ከአንገቱ የሚጀመር መሰለኝ። አገር ሁሉ ከወገብ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኔ ከአንገት ወደ ታች እወርዳለሁ። ሌላው ሰው እንደዚህ እንደማይሠራ ሳውቅ እጄ ለምዶታል። ተማሪዎቼም ለምደውታል።

የተረፈችን ወሬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ከተማሪዎቼ አንዷ ኡሙልኸይር መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቀለለች። ከመርካቶ ወደዚህ ከመጣች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ የምሰማት እኔ ቤት ብቻ ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ሐኒዬ፣ ባለቤቴ መታሸግ የሚባል ነገር ካለ አትሂጂ አለኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ተረፈች፣ ወሬዋን ይዛ።

ሰበታ ሙያ የሚመዝን ጣቢያ መኖሩን ሰማሁና ተመዘገብኩ። ካለፍኩ ሴቶቹ ይመለሳሉ። ከወደቅኩ ወረቀት የሌላት ብቻ ሳልሆን ተፈትና የወደቀች እባላለሁ፤ ያኔ ቅዳሜዬ አለቀላት።

በፈተናው ቀን ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ደረስኩ። ጥበቃው ኦቦ ዱጋሳ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ሹራቤን በዓይናቸው ለኩት።

«ከየት ገዛሽው?»

«ከእጄ።»

ሳቁና አስገቡኝ።

ፈታኟ ወይዘሮ ሰብለወርቅ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። «የሁለት ዓመት ልጅ ሹራብ ትጀምራላችሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት» አሉ። አራት ነበርን። ሦስቱ ከወገብ ጀመሩ፤ እኔ ከአንገት። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሠራን ወይዘሮ ሰብለወርቅ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ሄደው የሆነ ነገር ጻፉ። ከዚያ በኋላ እጄን ላብ ያዘው፣ ክሩም መርፌው ላይ አልንሸራተት አለኝ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሥራዬን አነሱት።

«ልጄ፣ ከአንገት የሚጀመረው የማን ሹራብ ነው?»

«የሚያድግ ልጅ ሹራብ ነው፣ እትዬ» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። «ከታች የተጀመረው ልጁ ሲረዝም ለታናሹ ይሰጣል። የእኔ ጫፉ ተፈትቶ አራት ጣት ይጨመርበታል። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፣ ክር በየዓመቱ አይገዛም።»

ሥራዬን ገልብጠው ጫፉን አዩት። ያላመኑኝ መሰለኝ። የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። ሁለት ዙር ተረተርኩና ክፍት የቀሩትን ቀለበቶች አንድም ሳይሾልከኝ መርፌ ላይ ሰበሰብኩ። ሦስቱ ተፈታኞች አፋቸውን ከፈቱ።

«ማን አስተማረሽ?»

«የሰልባጅ ሹራብ።»

«ልበሺውና ውጪ ጠብቂ» አሉኝ።

ክሩ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎብኝ ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ስንት ጊዜ አፌን እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከስሜ አጠገብ «ብቁ» ይላል። ሄጄ የኦቦ ዱጋሳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሳምንት ደረቴ ላይ የተከመረ ድንጋይ አንድ በአንድ ሲወርድ ተሰማኝ።

ኡሙልኸይር ጋ ደወልኩ።

«አለፍኩ!»

«አልሐምዱሊላህ! ቆይ፣ መርፌዎቼን ልፈልግ።»

ተረፈች እሷ ቤት ቡና ላይ ነበረች መሰለኝ፣ ድምፅዋ ከጀርባ መጣ። «ታልፋለች አሉ፣ ብያችሁ አልነበር?» እንደዚያ ቀን ወሬዋ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ውጤቴን ልፈርም ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ ሳሊሃ ቅጹን ገፋ አደረገችልኝ። «ብቁ» ከሚለው ቀጥሎ የፈታኟ ፊርማ፣ ከፊርማው ቀጥሎ ሰዓት ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ወይዘሮ ሰብለወርቅ ያሳለፉሽ ሰዓት ነዋ። ከአራታችሁ ያንቺን ነው መጀመሪያ የፈረሙት።»

ሦስት ሰዓት ከአርባ ይላል።